የመስታወት እንቁራሪት የዛፍ እንቁራሪት ናት ወይስ የራሷ ቤተሰብ አላት?

የሳሮን እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ስለ እንስሳት ቪዲዮ ስናይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ እንቁራሪት መጣች። ከላይ ስትታይ ተራ እንቁራሪት ናት። መስታወት ላይ አስቀምጠው ከሥር ሲቀርጿት ግን የሆድ ዕቃዋ ወለል ብሎ ታየ። ልቧ ድው ድው ሲል አየነው። ጉበቷ፣ አንጀቷ፣ ሁሉም እዚያው ተደርድሯል። ልጄ 9 ዓመቷ ነው። "እማዬ፣ ሆዷ ላይ ቆዳ የላትም እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?

ታናሽ ወንድሜም አብሮን እያየ ነበር። እሱ "የዛፍ እንቁራሪት ናት፣ ቆዳዋ ስለሳሳ ነው ስም ያወጡላት" አለ። እኔ ደግሞ ራሷን የቻለች ቤተሰብ ናት የሚል የሆነ ቦታ ማንበቤ ትዝ አለኝ፣ የት እንደሆነ ግን ጠፋኝ። ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ ወጡ ቀዘቀዘ። እሱ ቪዲዮውን አቁሞ "እስቲ ጣቶቿን እዪ፣ ጫፋቸው ክብ ነው፣ ቅጠል ላይ ይጣበቃል፣ የዛፍ እንቁራሪት ይሄው ነው" ይላል። እውነቱን ለመናገር ጣቶቿን ሳይ እኔም ተጠራጠርኩ።

እና የምታውቁ ካላችሁ፣ አንድ ዝርያ ናት ወይስ ብዙ? ከሌሎች እንቁራሪቶች የሚለይዋት በምኗ ነው፣ በሆዷ ብቻ ነው? ሆዷ እንዲህ ከታየ ጀርባዋስ ለምን አረንጓዴ ሆነ? ደግሞ አንዷ ላይ አጥንቷ አረንጓዴ መስሎ ታየኝ። ካሜራው ነው ወይስ እውነት ነው? ለልጅ እንደሚነገር አድርጋችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ነገ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

ጋሽ ባዮሎጂ፦

እህቴ፣ ከልጅሽ ጥያቄ ልጀምር፣ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው።

ቆዳ አላት። የሆዷ ቆዳ ላይ ግን ቀለም የሚይዙ ሕዋሳት የሉም ማለት ይቻላል። ከሥሩ ያለው ጡንቻም ስስ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል። ከጡንቻው ቀጥሎ የሆድ ዕቃን የሚያለብስ ሌላ ስስ ሽፋን አለ፣ በግ ሲታረድ ሆዱ ሲከፈት የምናየው ዓይነት። ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ የሚወስነው ይህ ሽፋን ነው። በአንዳንዶቹ ዝርያዎች ከላይ እስከ ታች ጥርት ያለ ነው። በብዙዎቹ ግን በደረት በኩል ያለው ክፍል ነጭ ነው፣ እንደ መጋረጃ ሆኖ ልብን ይሸፍናል። ሌሎች ደግሞ አሉ፣ የሆድ ሽፋናቸው ጥርት ያለ ሆኖ ልባቸው የተቀመጠበት ከረጢት ነጭ የሆነ፣ የእነሱም ቀይ ልብ አይታይም። ስለዚህ ልቧ ሲመታ ያያችኋት እንቁራሪት ከሁሉም ይልቅ ገላልጣ የምታሳይ ዓይነት ናት። ሁሉም እንደሷ አይደሉም።

ጀርባዋ ላይ ቀለም ያላቸው ሕዋሳት ስላሉ አረንጓዴ ነው። ቅጠል ላይ ለምትተኛ እንስሳ አረንጓዴ ጀርባ ግድ ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የተጣሉ ሰዎችን "ሆድና ጀርባ ሆኑ" እንላለን፣ ይቺ እንቁራሪት ላይ ቃሉ በቀጥታ ይሠራል።

ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። አንቺ ትክክል ነሽ። ወንድምሽም ግን ያለ ምክንያት አልተከራከረም።

የመስታወት እንቁራሪቶች ሴንትሮሌኒዴ የሚባል የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው። አንድ ዝርያ አይደሉም፣ ከ150 በላይ ናቸው፣ አሁንም አዳዲስ እየተገኙ ነው። ሁሉም የሚኖሩት በአሜሪካ አህጉር ሞቃት ክፍል ነው። ከደቡብ ሜክሲኮ ይጀምሩና መካከለኛው አሜሪካን አቋርጠው፣ የአንዲስን ተራሮች ይዘው እስከ ቦሊቪያ ይወርዳሉ። አማዞንና ጊያና ውስጥም አሉ፣ በምሥራቅ ደግሞ በብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደንና በሰሜን አርጀንቲና። ጎልተው የሚበዙት ኮሎምቢያና ኢኳዶር ውስጥ ነው፣ ጉም በማይለየው የአንዲስ ተዳፋት ደን፣ ፈጣን ጅረት ዳር።

ወንድምሽ ያለውን ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ ሊቃውንትም ብለውታል። ጀርመናዊው ኦስካር ቦትገር በ1892 እና በ1893 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከኮስታ ሪካ የመጡ ሁለት ዝርያዎችን ሲሰይም ሁለቱንም ከዛፍ እንቁራሪቶች ጋር ነበር የመደባቸው። ኤድዋርድ ቴይለር የሚባል አሜሪካዊ ራሳቸውን የቻሉ ቤተሰብ ናቸው ብሎ ለይቶ ያወጣቸው በ1951 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው እንደ ወንድምሽ ያስብ ነበር።

ጣት ያሳሳታል። ክብ የጣት ጫፍ አላቸው፣ በመጨረሻዎቹ ሁለት የጣት አጥንቶች መካከልም ትንሽ ተጨማሪ ቁራጭ አለቻቸው፣ የዛፍ እንቁራሪቶችም እንደዚሁ። ቅጠል ላይ ተጣብቆ መኖር ተመሳሳይ ጣት ይፈልጋል፣ ዘመድ መሆን አያስፈልግም። የሌሊት ወፍም ወፍም ክንፍ አላቸው።

ታዲያ በምን ይለያሉ? ውስጥ ባለው አጥንት። የመጨረሻዋ የጣት አጥንት ጫፏ ወደ ሁለት ጎን ተዘርግቶ ቲ የሚባለውን የላቲን ፊደል ይመስላል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሌሎች እንቁራሪቶች ሁለት ሆነው የሚቀመጡት ረጃጅም አጥንቶች በእነዚህ ተዋህደው አንድ ሆነዋል። የእጅ መዳፍ ውስጥ ሦስተኛው አጥንት ላይም ጎበጥ ያለች ነገር አለች። ከውጭ ለማየት ከፈለግሽ ዓይኗን እዪ። የዛፍ እንቁራሪት ዓይን ወደ ጎን ያያል፣ የእነዚህ ወደ ፊት ያያል፣ ፊት ለፊት ስትመለከቻት መልሳ የምታይሽ ይመስላል። ቦትገር በ1892 የሰየማት ዝርያ ፕሮሶብሌፖን ነው የምትባለው፣ በግሪክኛ "ወደ ፊት ተመልካች" ማለት ነው። ይህን ካየ በኋላም ከዛፍ እንቁራሪት ጋር መደባት እንጂ።

የአጥንቱ አረንጓዴነት እውነት ነው፣ ካሜራው አይደለም። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ አሁን ተማሪዎች ይጠብቁኛል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

እኔ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፣ ልንገራችሁ። ኮስታ ሪካ ለእረፍት ሄጄ ማታ ከአስጎብኚ ጋር ጅረት ዳር ወጣን። ቀን ሙሉ ሲዘንብ ስለዋለ ከቅጠሉ ሁሉ ይንጠባጠባል፣ እግራችን ጭቃ ውስጥ ይገባል፣ የእጅ ባትሪ ይዘን ቀስ ብለን እንሄዳለን። ከላይ "ዊት" የሚል አጭር ቀጭን ድምፅ ይሰማል። አንድ ጊዜ ይልና ዝም። ወፍ መስሎኝ ነበር። አስጎብኚው ሰፊ ቅጠል ወደ ላይ ቀና አድርጎ ከሥሩ አሳየኝ፣ ከቅጠሉ ሥር ተገልብጣ የተጣበቀች እንቁራሪት። የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች። እስከዚያች ሌሊት ድረስ እንደዚህ ትንሽ ይሆናሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"የተጣበቀች" አልኩ እንጂ ወንድ ነበር። አጠገቡ እንቁላሎች አሉ፣ በዝልግልግ ነገር ተጠቅልለው ከቅጠሉ ሥር ተለጥፈዋል፣ በእያንዳንዷ ውስጥ ትንንሽ ነገር ይንቀሳቀሳል። አስጎብኚው ሲነግረኝ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ የሚጠብቀው አባትየው ነው። ሌሊት ሌሊት እንቁላሉ እንዳይደርቅ በገላው ያረጥበዋል። እሱ ጠፍቶ እንቁላሉ መድረቅ ከጀመረ ውስጥ ያሉት ቀናቸው ሳይደርስ ቶሎ ይፈለፈላሉ። ከተፈለፈሉ በኋላ ወዴት ይሄዳሉ ስለው ወደ ታች ጠቆመኝ። ጅረቱ። ከቅጠሉ በቀጥታ ውኃው ውስጥ ጠብ ይላሉ። ለዚህ ነው ቅጠሉን ሲመርጡ ከውኃ በላይ የተንጠለጠለውን የሚመርጡት።

ሌላም ዝርያ አሳየኝ። እሱ ጀርባው ላይ ብጫ ነጠብጣብ አለው፣ ነጠብጣቦቹ አጠገቡ ያሉትን እንቁላሎች ቁርጥ ነው የሚመስሉት። ከሩቅ ሲታይ የትኛው አባት፣ የትኛው እንቁላል እንደሆነ ለመለየት ይቸግራል። እሱ ቀንም ሌሊትም ከእንቁላሉ አይነሳም አለኝ።

እኔ ስለ አመዳደቡ አላውቅም፣ ግን አንድ ነገር ላክል። ከላይ በባትሪ ስታዩት መስታወትነቱ ብዙም አይታወቅም። ቅጠሉን ከሥር በብርሃን ስታዩት ነው ሰውነቱ ከቅጠሉ ጋር አንድ የሚሆነው።

የሳሮን አጎት፦

ክርክሩ የኔም ስለሆነ ገብቻለሁ። ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ የጣቱን ነገር ተቀብያለሁ። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። መጀመሪያ የዛፍ እንቁራሪት አሏት፣ ከ60 ዓመት በኋላ የራሷ ቤተሰብ አሏት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ቢሉስ? እህቴ ትክክል ናት ለማለት የበቃነው በምን ማረጋገጫ ነው? ደግሞ ሆዷ ጥርት ማለቱ ካልለያት ለምን በሱ ተሰየመች?

ጋሽ ባዮሎጂ፦

ጥሩ ጠየቅክ፣ ወንድሜ። ከስሟ ልጀምር።

መስታወት የሚለው በኋላ ሰው ያወጣላት የቤት ስም ነው። የሳይንስ ስሟ ስለ መስታወት አያወራም። በ1872 ማርኮስ ሂሜኔዝ ዴ ላ ኤስፓዳ የሚባል ስፔናዊ፣ ከ1862 እስከ 1865 ወደ ደቡብ አሜሪካ ከተላከው የስፔን የምርምር ቡድን ጋር የሄደ ሰው፣ ከኢኳዶር ያገኛትን አንዲት እንቁራሪት ሴንትሮሌኔ ብሎ ሰየማት። ከሁለት የግሪክ ቃላት የተሠራ ነው፣ "ክንዱ ላይ እሾህ ያለው" እንደማለት። ወንዱ የላይኛው ክንዱ አጥንት ላይ ሹል ነገር አለው። በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዶቹ ለቦታ ሲጣሉ በኋላ እግራቸው ቅጠል ላይ ተንጠልጥለው ይተናነቃሉ።

ይቺ የመጀመሪያዋ ደግሞ ቆዳዋ እንደ ጌኮ እንሽላሊት ሻካራ ነው፣ ርዝመቷም ከ7 ሴንቲሜትር ያልፋል። አብዛኞቹ ዘመዶቿ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ናቸው። አስብ እስቲ፣ ለሳይንስ የመጀመሪያ የሆነችው የመስታወት እንቁራሪት ቪዲዮ ላይ ያያችኋትን አትመስልም። አንተ እንኳ መንገድ ላይ ብታገኛት የመስታወት እንቁራሪት አትላትም።

አሁን ወደ ማረጋገጫው። ለረጅም ጊዜ ትንንሾቹን ሁሉ ሴንትሮሌኔላ የሚባል አንድ ወገን (በቤተሰብ ሥር ያለ አነስ ያለ የዝርያዎች ቡድን) ውስጥ ነበር የሚያጭቋቸው። በ1991 ኮሎምቢያ ውስጥ የሚሠሩት ፔድሮ ሩይዝ ካራንሳና ጆን ሊንች "ይሄ አይሆንም" ብለው በሚታይ ምልክት ለዩዋቸው። ክንዱ ላይ እሾህ ያለው ሴንትሮሌኔ። እሾህ የሌለው፣ አጥንቱ ነጭ የሆነና ጉበቱ እንደ ኳስ ድብልብል ያለ ሃያሊኖባትራኪየም። እሾህ የሌለው ግን ጉበቱ ክፍልፋይ የሆነ ኮክራኔላ። ግልጽ ነው፣ ለተማሪ ማስተማርም ይቀላል። እኔ ራሴ ይህን አመዳደብ ሳነብ በጣም ወድጄው ነበር።

በ2009 ኢኳዶራዊው ሁዋን ጉዋያሳሚንና ባልደረቦቹ ዲኤንኤያቸውን አመሳከሩ። እሾሁ ጉድ ሠራቸው። በዘር ሐረጉ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የመጣ ምልክት አልነበረም። በተለያየ ቅርንጫፍ ይበቅላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበቅላል። እሾህ ያላቸው ሁሉ የአንድ እናት ልጆች አልነበሩም ማለት ነው። ስለዚህ አመዳደቡ እንደገና ተሠራ፣ ወገኖቹ 12 ሆኑ፣ በሁለት ንዑስ ቤተሰብ ተከፈሉ። አንደኛው ሃያሊኖባትራኪየምንና ቬኔዙዌላ ያለችውን ሴልሲዬላን ይይዛል። ሌላው የቀሩትን ይይዛል ለማለት ይቻላል፣ አንዲት ብቻ ቦታዋ አልረጋ ብሎ ለብቻዋ ቀረች፣ ኢካኮጊ ትባላለች፣ ኮሎምቢያ ውስጥ ሲዬራ ኔቫዳ ዴ ሳንታ ማርታ ከሚባለው ተራራ ውጭ አትገኝም። አዲሶቹ ስሞች ላይም የቀደሙትን ሰዎች አልረሷቸውም። ኤስፓዳራና የስፔናዊው ማስታወሻ ናት፣ ሩሊራና ደግሞ የሩይዝና የሊንች።

ያቺ "ወደ ፊት ተመልካች" የተባለችውን አስታውሳት። መጀመሪያ ከዛፍ እንቁራሪት ጋር፣ ቀጥሎ ሴንትሮሌኔላ፣ ቀጥሎ እሾህ ስላላት ሴንትሮሌኔ፣ አሁን ኤስፓዳራና። አራት ቤት ቀያይራለች። እሷ ግን ያው ናት። "ነገ ሌላ ቢሉስ?" ላልከው፣ ስለ ወገኖቹ ሊሉ ይችላሉ። ቤተሰቡ ግን በአጥንትም በዲኤንኤም ሲታይ በሁለቱም አንድ ላይ ይቆማል። የቅርብ ዘመዳቸው ደግሞ ደቡብ አሜሪካ ያለች አሎፍሪኔ የምትባል ሌላ ትንሽ ቡድን ናት እንጂ የዛፍ እንቁራሪት አይደለችም።

የአጥንቱን ቀለም ቃል ገብቼ ነበር። አረንጓዴው የሚመጣው ቢሊቨርዲን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። አሮጌ ደም ሲፈርስ የሚፈጠር ነገር ነው፣ እኛም አለን። ስትመታ ቆዳህ መጀመሪያ ይበልዝና ከቀናት በኋላ አረንጓዴ የሚመስለው በሱ ነው። እኛ ከሐሞት ጋር እናስወጣዋለን፣ እነሱ ሰውነታቸው ውስጥ ያስቀሩታል። ሃያሊኖባትራኪየም ውስጥ ያሉት ግን በአብዛኛው አጥንታቸው ነጭ ነው። ሳሮን ሁለት ዓይነት ካየች ሁለት የተለያዩ ዘመዶች አይታለች ማለት ነው።

እንሰት ሥር፦

ከቦንጋ ነኝ። ውይይታችሁ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። የመስታወት እንቁራሪት እኛ አገር የለም፣ አፍሪካም የለም። ግን ከውኃ በላይ ቅጠል ላይ እንቁላል መጣል የእነሱ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ አፍሪክሳለስ የሚባሉ ትንንሽ እንቁራሪቶች አሉ፣ ሌላ ቤተሰብ ናቸው፣ እንቁላላቸውን ቅጠል ላይ አድርገው ቅጠሉን ያጥፉታል። ከነሱ ሁለቱ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው። አንዷ አፍሪክሳለስ ኤንሴቲኮላ ትባላለች፣ በ1974 ነው የተሰየመችው፣ "እንሰት ላይ የምትኖር" ማለት ነው። የእንሰታችን ስም ያለባት እንቁራሪት።

ጋሽ ባዮሎጂ ስለ ጣት ያሉትን እኔም በእነዚህ አይቼዋለሁ፣ የእነሱም ጣት ጫፉ ክብ ነው። የሳሮን እናት፣ ለልጅሽ ይቺንም አሳያት። ሆዷ እንደዚያ ወለል ብሎ አይታይም፣ ግን የሷ አገር ናት። ደኑ ሲመነጠር አብራ የምትሄደው እሷ ናት፣ እኔ ይህ ያሳስበኛል።

ኪሩቤል፦

አጭር ጥያቄ። ጀርመን ነው የምኖረው፣ እዚህ ሰዎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያረቧቸዋል። እኔም ሁለት ልገዛ አስቤ ነበር። ችግር አለው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦

ኪሩቤል ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ከየት እንደመጡ በደንብ ጠይቅ። በኅዳር 2022 እንደ ፈረንጆቹ፣ ፓናማ ላይ በተደረገው የሳይቲስ ስብሰባ ቤተሰቡ በሙሉ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው እንስሳት ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሳይቲስ ማለት በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ላይ አገሮች የፈረሙት ስምምነት ነው። ንግዱ አልታገደም፣ ግን ድንበር ሲሻገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዱን ዝርያ ብቻ ለይቶ ያላስገቡት ለምን መሰለህ? ጋሼ ከላይ እንዳሉት እነዚህ እንስሳት ተመሳሳይ ናቸው፣ ኤርፖርት ላይ የቆመ የጉምሩክ ሠራተኛ ሣጥን ከፍቶ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች ሊለይ አይችልም። እኔ ብሆን አልገዛም። ያቺን ሌሊት ካየሁ በኋላ ሣጥን ውስጥ ላያት አልፈልግም።

የሳሮን እናት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እንዴት እንደማመሰግንዎት አላውቅም። ወንድሜ ጸጥ ብሏል፣ ይሄ ብርቅ ነው። ለሳሮን ሁሉንም ነገርኳት፣ የቦንጋዋንም ጭምር። እሷ ግን አሁን ሌላ ነገር ይዛለች። "እማዬ፣ ደሟስ? ደም ቀይ ነው፣ መስታወት ውስጥ ቀይ ነገር ካለ ይታያል፣ ታዲያ እንዴት ትደበቃለች?" ትላለች። እኔም ሳስበው እውነቷን ነው። ጥርት ያለ ቆዳ ይዞ ቀይ ደም ሲዞር ከማንም በላይ መታየት ነው እንጂ መደበቅ አይደለም። ይህን ይመልሱልኝና አልጨቀጭቅዎትም።

ጋሽ ባዮሎጂ፦

ኧረ ጨቅጭቂኝ። ይቺ ልጅ ስታድግ የት እንደምትደርስ እኔ አውቃለሁ።

የጠየቀችው ጥያቄ የተመለሰው በቅርቡ ነው፣ በ2022 መጨረሻ። ተመራማሪዎቹ እንቁራሪቶቹ ሲተኙና ሲነቁ ደማቸው የት እንደሚሄድ ተከታተሉ። ቀን ቀን ቅጠል ላይ ሲተኙ ከቀይ የደም ሕዋሳታቸው 89 በመቶ ያህሉን ከደም ሥሮቻቸው አውጥተው ጉበታቸው ውስጥ ያከማቹታል። ጉበቱ ደግሞ ነጭ የሚያብለጨልጭ ሽፋን አለው፣ ብርሃንን እንደ መስታወት ይመልሳል፣ ስለዚህ ቀዩ ከውጭ አይታይም። በሰውነቷ ውስጥ የሚዞረው ቀይነት የሌለው ፈሳሽ ብቻ ይሆናል። ያኔ ጥርትነቷ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጨምራል። ማታ ነቅታ ለአደን፣ ለመጥራት ስትነሳ ደሟ ይለቀቃል፣ ትቀላለች። ቪዲዮ ላይ ያያችኋት ነቅታ ነበር መሰለኝ፣ ልቧ ቀይ ሆኖ ከታያችሁ።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ይህን ያህል ደም አንድ ቦታ ሲከማች እኛ ላይ ቢሆን ይረጋል፣ የረጋ ደም ደግሞ ሰው ይገድላል። እሷ በየቀኑ ታደርገዋለች፣ አይረጋም። ሐኪሞችም ለዚህ ነው ጉዳዩን የተከታተሉት።

ለምን ትደበቃለች ካለች ደግሞ፣ ከወፍ ነው። ሌላ ሙከራ ኢኳዶር ውስጥ ተሠርቶ ነበር። ከጄላቲን የእንቁራሪት ቅርጽ ሠርተው፣ ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ግማሹን የማያሳልፍ አድርገው ጫካ ውስጥ ቅጠል ላይ አስቀመጡ። ብርሃን የማያሳልፈውን ወፎች አብዝተው ነከሱት። የእግሯና የሰውነቷ ዳር ከመሐሉ ይልቅ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስለዚህ የት ጀምራ የት እንደምታልቅ ጫፏ ይደበዝዛል። ወፍ የሚፈልገው የእንቁራሪት ቅርጽ ነው፣ ቅርጹ ከሌለ ምንም የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ከቅጠሉ ሥር ያየው ይህንኑ ነው።

የሳሮን እናት፦

አነበብኩላት። ደስ አላት፣ ከዚያ "ሕፃኗስ? ሕፃኗም መስታወት ናት?" አለች። የመጨረሻዋ ናት።

ጋሽ ባዮሎጂ፦

አይደለችም። ከቅጠሉ ጅረቱ ውስጥ ጠብ ካለች በኋላ ወርዳ ድንጋዩ ሥር፣ አሸዋውና የበሰበሰው ቅጠል ውስጥ ትቀበራለች። እዚያ ብርሃን የለም፣ አየርም ትንሽ ነው። ሰውነቷ ቀጭን ጅራቷ ረጅም ነው፣ ቆዳዋ ላይ ቀለም ስለሌለ የደም ሥሮቿ ከሥሩ ይታያሉ። ስለዚህ ቀይ ናት። አውጥተሽ ብታዪያት ደማቅ ሮዝ የሆነች ትል ትመስልሻለች።

ሳሮን ሥዕል መሳል የምትወድ ከሆነ እናትየውን በአረንጓዴ፣ ልጅየዋን በቀይ ትሳላት።